ወንድ ነው ሴት?

ልጆቻችን ሲለምኑን የኖሩት ውሻ ነበር፤ ውሻው ሲከለከል ድመት። ዘንድሮ ግን ከዙሪክም ከጄኔቫም ወላጆች የሚጠይቁኝ ስለ ዛፍ እንቁራሪት ሆኗል። አገር ቤት ደጃፍ ላይ ስትታይ በመጥረጊያ የምትባረረው ፍጡር እዚህ የመስታወት ቤት ተሠርቶላት፣ መብራትና ማሞቂያ ገብቶላት ትኖራለች። ይሁን፤ ዘመኑ ነው።

በመጀመሪያ፣ ልጁ ከኩሬ ይዞ የመጣውን ወደ ቦታው መልሱ። የስዊስ እንቁራሪቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የተጠበቁ ናቸው። ድሮ በዚህ አካባቢ ትንሿን አረንጓዴ እንቁራሪት ከመሰላል ጋር ጠርሙስ ውስጥ ያኖሯት ነበር፤ መሰላሉን ስትወጣ ፀሐይ፣ ስትወርድ ዝናብ ይላሉ። ጀርመንኛ ተናጋሪዎቹ የአየር ጠባይ ተንባዮችን እስከ ዛሬ «የአየር እንቁራሪት» የሚሏቸው ከዚያ ወዲህ ነው። ምስኪኗ በዱር የምትወጣው ነፍሳት ተከትላ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ ምን አለ?

ስለዚህ በሰው ቤት የተፈለፈለ ይገዛል። ለጀማሪ የሚሻለው ወፍራሙና ትዕግሥተኛው የአውስትራሊያ አረንጓዴ እንቁራሪት ነው። ቁመቱ ከወርዱ የሚበልጥ የመስታወት ሣጥን፣ ቅርንጫፍ፣ የውሃ ገበታ፣ ቀን ቀን ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት፣ የካልሲየም ዱቄት የተነሰነሰበት ሕያው ፌንጣ ይበቃዋል። ቆዳው የነካውን ሁሉ ስለሚመጥ የሳሙና ርዝራዥ ያለበት እጅ ይጎዳዋል፤ እናንተም ሳልሞኔላ እንዳይዛችሁ ከነካችሁ በኋላ ታጠቡ። ከ15 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። የ8 ዓመቱ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ፌንጣ የሚገዛው ማን እንደሆነ ከወዲሁ ይታወቅ።

አሁን ወደ ርእሱ። ወንዱ ሌሊት ይጮኻል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ሽንት ቤት ውሃ ሲለቀቅ የሚቆጣ ጎረቤት ላለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወንዱ ከሴቷ አነስ ይላል፤ የጉሮሮው ቆዳ ግራጫና የተሸበሸበ ነው፤ በመራቢያው ወቅት አውራ ጣቱ ላይ ጠቆር ያለ ሻካራ ቆዳ ያወጣል። የሴቷ ጉሮሮ ነጣ ያለና ለስላሳ ነው። ገና ያልጎለመሰውን ግን በመልክ መለየት አይቻልምና «ሴት ናት» ብሎ የሚሸጥላችሁን አትመኑ።

ማራባቱ ክረምትን መኮረጅ ነው። ለጥቂት ሳምንታት ቀዝቀዝና ደረቅ ይደረግላቸዋል፤ ከዚያ በትንሽ ፓምፕ ሌሊቱን ዝናብ ይዘንብላቸዋል። ከተሳካ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ይጣላል። ጉዱ የሚጀምረው ያኔ ነው። ጭራ ያላቸው ግልገሎች እግር ሲያወጡ ማን ይረከባቸዋል? ሐይቅ ዳር መልቀቅ አይፈቀድም፤ ምክንያቱም በዓለም ዙሪያ ብዙ ዝርያ የፈጀው የቆዳ ፈንገስ የሚዛመተው እንስሳት ከቦታ ቦታ ሲዘዋወሩ ነው። ተቀባይ ሳታገኙ ዝናቡን አታዝንቡ።

ለበዓል አገር ቤት ሄዶ በሻንጣ ይዞ መምጣትማ ጨርሶ አይታሰብ። ፈንገሱ ኢትዮጵያም ውስጥ ተገኝቷል። ደግሞም የደጋችን እንቁራሪቶች ብዙዎቹ ሌላ አገር የሉም፤ እንዲያውም አንደኛዋ የዛፍ እንቁራሪቶች ዘመድ ሆና ሳለ ዛፍ ትታ መሬት ቆፍራ የምትኖር የሣር ሜዳ ነዋሪ ናት።

ከመግዛታችሁ በፊት የካንቶናችሁን የእንስሳት ሐኪም መሥሪያ ቤት ስለ ሣጥኑ ስፋትና ስለ ፈቃድ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. የ2008ቱ የእንስሳት ጥበቃ ደንብ ጊኒ ፒግ እንኳ ብቻውን እንዳይኖር ያዛል። (ስለ ስደተኛ እንዲህ ያለ አንቀጽ ፈልጌ አላገኘሁም።) ወጪውን የማይችል ደግሞ በሚያዝያና በግንቦት ምሽት ልጆቹን ይዞ ከዙሪክ ብዙም ወደማይርቀው የሮይስ ወንዝ ሸለቆ ይውረድ፤ የዱሮቹ ወንዶች ጩኸት በጸጥታ እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ይሰማል፣ ጎረቤትም አይቆጣም።