የታመመ ሰው ወሬ በማን አፍ ይነገር?



ባለፈው ሳምንት በሕይወት ላሉ እናታችን ተለቅሷል። ሰፈሩ ሁሉ ስለሚያውቀው ሸፋፍነን አናልፈውም። እንድንጽፍም እሳቸው ራሳቸው ፈቅደውልናል፤ ስማቸውን ግን አንጠራም።

እናታችን የጡት ካንሰር ሕክምና ላይ ናቸው፤ በየሦስት ሳምንቱ ኪሞ ይወስዳሉ። ሁለተኛውን በወሰዱ በአሥረኛው ቀን ሌሊት ትኩሳት ያዛቸውና ልጃቸው በታክሲ ሐኪም ቤት አደረሰቻቸው። ደግ አደረገች። ኪሞ በሽታ የሚከላከለውን ነጭ የደም ሕዋስ ስለሚቀንስ፣ ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ ሳይነጋ መሄድ ያስፈልጋል። ታክሲውን ያየ ጎረቤት ግን ሌላ ነገር ጠረጠረ። ሲነጋ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች በር ላይ ነበሩ። እኛም ሳናጣራ መጋዘን ከፍተን ድንኳኑን አሸክመን ነበር። አረብ አገር ያለችው ልጃቸው የእናቷን «ሞት» በስልክ ሰምታ፣ እውነቱ እስኪደርሳት ግማሽ ቀን ስታለቅስ ዋለች። ጥፋቱ የእድሩም ነውና ይቅርታ እንጠይቃለን።

ይቅርታ ብቻ ግን አይበቃም። ወሬው የተበላሸው የሚጠየቅ ሰው ስላልነበረ ነው። ልጅቷ በቀን ሃያ ጊዜ «ዛሬስ እንዴት አደሩ? ሐኪሙ ምን አለ?» እየተባለች፣ ያንኑ መመለስ ሰልችቷት ስልኳን ዘጋች። እሷ ዝም ስትል ሰው በግምት ማውራት ጀመረ።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። ረጅም ሕክምና ላይ ያለ ሰው፣ ከፈቀደ፣ አንድ ተጠሪ ይምረጥ፤ ልጁ ቢሆን፣ ወዳጁ ቢሆን፣ ጎረቤቱ ቢሆን። ምን እንደሚነገርና ምን እንደሚቀር የሚወስነው ታማሚው ነው። ተጠሪው ከሐኪም ቤት ሲመለስ አንድ ጊዜ ይንገረን፤ ሩቅ ላሉ ዘመዶችም የዚያኑ ዕለት ይደውል። ለጨረር ሕክምና ከክፍለ ሀገር ወደ ጥቁር አንበሳ መጥተው ዘመድ ቤት ላረፉ ሰዎችም ይኸው ይጠቅማል። ከተጠሪው ያልሰማነውን ወሬ እኛም በዚህ ሰሌዳ አንለጥፍም፣ ድንኳንም አናወጣም።

አንዳንድ አባላት «ሕመምተኛ መጠየቅ ባህላችን ነው፤ በተጠሪ እንዴት ይሆናል?» ብለውናል። ኧረ ጥየቃው ይቅር አላልንም! ግን ጉንፋን የያዘው ሰው ኪሞ የወሰደ ሰው ቤት አይግባ፤ ለእኛ ተራ ጉንፋን የሆነው እሳቸውን አልጋ ላይ ሊጥል ይችላል። በር ላይ «ተኝተዋል» ከተባልን አንቀየም፤ ያመጣነውን ሾርባ ሰጥተን እንመለስ። ካንሰር በመጨባበጥም አብሮ በመብላትም አይተላለፍምና የሚፈራም ካለ አይፍራ።

አንድ ነገር እንጨምር። የበሽታውን ስም ከታማሚው ደብቆ ለጎረቤት የሚነግር ቤተሰብ አለ። ይህ ልክ አይደለም። ሰውየው የራሱን ነገር ከሰፈር ሰው ኋላ ለምን ይስማ? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባል የለም?

እናታችን ትኩሳቱ ለቋቸው ቤታቸው ገብተዋል። ከእንግዲህ ተጠሪያቸው እህታቸው ናቸው። የፊታችን ማክሰኞ ሦስተኛውን ኪሞ ስለሚወስዱ ጧት በ12 ሰዓት የሚያደርሳቸው ሰው ይፈልጋሉ። መኪና ያላችሁ አባላት ጽሕፈት ቤት መጥታችሁ ተመዝገቡ።

የእድሩ ጽሕፈት ቤት