የተሰፋ ላንቃ ብቻውን አይናገርም

ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን ጡት ይጎርሳል እንጂ በቅጡ መሳብ ያቅተዋል። የጠባው ወተትም በአፍንጫው ይመለሳል። ከንፈሩ የተሰነጠቀውን ሰው ሁሉ ያየዋል፤ ከንፈሩ ደኅና ሆኖ ላንቃው ብቻ የተሰነጠቀው ግን ማንም አፉን ከፍቶ ሳያየው ወራት ያልፋሉ። በዓለም ላይ ከ700 ሕፃናት አንዱ ገደማ ከእነዚህ ስንጥቆች ከአንዱ ጋር ይወለዳል።

ይህ ልጅ ቁረይሻ ቢወለድ ወዴት ይወሰድ? ቁረይሻ በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት፣ ከድንበራችን ጥግ ያለ የሰሊጥና የማሽላ አገር ነው። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ አብዛኞቹ የካርቱም ሆስፒታሎች ሥራ አቆሙ። ወላጆቹ በጋላባት ድንበሩን ተሻግረው መተማ ዮሐንስ ቢደርሱም ጎንደር ለመድረስ ገና ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይቀራቸዋል፤ ያንን መንገድ ደግሞ የአማራ ክልሉ ውጊያ በየጊዜው ይዘጋዋል።

መዘግየቱ ዋጋ ያስከፍላል። ላንቃ መሰፋት ያለበት ልጁ አፉን ሳይፈታ፣ ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው። የዘገየበት ልጅ «ም»ን እና «ን»ን ያለችግር ይላቸዋል፤ «ዳቦ» ሲል ግን አየሩ በአፍንጫው ያመልጥና «ናሞ» ይሆንበታል። «ከ»ን እና «ተ»ን ደግሞ ጉሮሮውን ቆልፎ ሊያወጣቸው ይለምዳል። ስፌቱ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ልማዱ ግን ይቀራል። ፊኛ ማስነፋትም አይፈውሰውም። ድምፁን በትክክለኛው ቦታ፣ በቃል፣ ከዚያም በዓረፍተ ነገር፣ በየቀኑ ማለማመድ ያስፈልጋል።

ስማይል ትሬይን የተባለው ድርጅት ከተመሠረተበት ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የየአገሩን ሐኪሞች እያሠለጠነ ሕፃናት በነፃ እንዲታከሙ ማድረጉ ትልቅ ሥራ ነው። የካቲት 12 ሆስፒታልም ከቀዶ ሕክምናው ጋር የንግግር ሕክምናን ይዞ ሠርቷል። የሚያንገበግበኝ፣ የንግግር ባለሙያው ቁጥሩ ጥቂት፣ መቀመጫውም በአብዛኛው አዲስ አበባ መሆኑ ነው። የተሰፋ ልጅ ይቆጠራል፤ ተሰፍቶም ጓደኞቹ ስለማይሰሙት ከትምህርት ቤት የቀረውን ማን ይቆጥረዋል?

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። በመተማም ሆነ በገዳሪፍ በኩል የምታዋልድ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ባትሪ አብርታ የሕፃኑን ላንቃ ትይ። ጎንደር ላይ ለዚህ የተመደበ የንግግር ባለሙያ ይኑር፤ ልምምዱም ልጁ በቤቱ በሚሰማው በዐረብኛ፣ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይሰጥ። ድንበር ተሻግራ የመጣች እናት በየሳምንቱ መመላለስ አትችልም። ልምምዱን ሆስፒታል ሳለች አጥንታ ትሂድ፤ ባለሙያውም በስልክ ይከታተላት።