ሊድን ገብቶ ቆስሎ ይውጣ?

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል ያገራችን ሰው። በሆስፒታሎቻችን ግን ቅጠሉ ትዝ የሚለን ቤቱ ከነደደ በኋላ ሆኗል።

ስሙን በማልጠቅሰው አንድ የመንግሥት ሆስፒታል አባቴን አስተኝቼ ነበር። ደም ግፊት ጥሏቸው አንድ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል። በሁለተኛው ሳምንት ግፊቱ ተረጋጋ። ወገባቸው ሥር ግን መዳፍ የሚያህል ቁስል አገኘን። «የአልጋ ቁስል ነው» ተባልን። በአንድ በሽታ ገብተው በሁለት ወጡ!

የማታዋን ነርስ «ምነው ሲስተር፣ ዝም ብላችሁ ታያላችሁ?» አልኳት። «ለአርባ በሽተኛ ሁለት ነን። ማንን አገላብጬ ማንን ልተው?» አለችኝ። ቧንቧው ደርቋል። ጓንት ከውጭ ገዝታችሁ አምጡ ይባላል። ግድግዳው ላይ ደግሞ «ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ኧረ ማን በማን እያሾፈ ነው?

የአልጋ ቁስል የእግዜር ቁጣ አይደለም። ሰው ሳይነቃነቅ ሲተኛ ሥጋው በአጥንቱና በፍራሹ መሀል ይጨፈለቃል፤ ደም አይደርሰውም፤ ቆዳው ይሞታል። ተረከዝ፣ ዳሌ፣ የጭራ አጥንት አካባቢ ይብሳል። መከላከያው የታወቀ ነው፤ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ማገላበጥ፣ ሽንት ሲያመልጠው ቶሎ ማድረቅ፣ ቆዳውን በየቀኑ ማየት፣ ደህና አድርጎ ማብላት። ለዚህ ውድ ማሽን አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የሰው እጅ ነው፤ እጁ ነው የጠፋው!

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከአሥር ታካሚዎች አንዱ ገደማ በሕክምናው ሂደት ጉዳት ይደርስበታል፤ ከጉዳቱም ከግማሽ በላዩ መከላከል የሚቻል ነው። የዘመናዊ ነርስነት እናት የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመችው መጽሐፍ የአልጋ ቁስል በአብዛኛው የሚመጣው ከበሽታው ሳይሆን ከእንክብካቤ ጉድለት ነው ብላለች። ግን ጥፋቱን ሁሉ ነርሷ ላይ አልጫነችም፤ ብልሹ አስተዳደር እንክብካቤውን የማይቻል እንደሚያደርገው ጽፋለች።

ነርስ ሁሉ ጻድቅ ነው አላልኩም። በሽተኛ እየተጣራ ስልኩን የሚጎረጉርም አለ፤ እሱ ይጠየቅ። ግን በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የሚያኖር ደሞዝ ይከፈለን ብለው ሥራ ሲያቆሙ ምላሹ ምን ነበር? በርካቶች ታሰሩ። ጓዳው ባዶ የሆነበትን ሰው አስሮ «ሩኅሩኅ ሁን» ማለት ምን ዓይነት ፈሊጥ ነው?

አቅም ያለው ባለሥልጣንማ ሲታመም ውጭ ይሄዳል፤ እዚህ የሚቆስለው ድሃው ነው። ስለዚህ ጤና ሚኒስቴር ስንት ሕንፃ እንዳስመረቀ ብቻ አይንገረን። በየሆስፒታሉ ሌሊት አንድ ነርስ ስንት በሽተኛ ትይዛለች? ቁስል ሳይኖረው ገብቶ ቆስሎ የወጣው ስንት ነው? ይቆጠር፣ ለሕዝብም ይገለጥ። አስታማሚውም እንዴት እንደሚያገላብጥ ገና በገባበት ዕለት ይማር።

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» እያላችሁ ሕዝቡን ስትመክሩ ኖራችኋል። እስቲ ምክሩን አንድ ጊዜ ለራሳችሁ ስሙት!