«አርፈው ይቀመጡ» ስለ ማለት

አንዳንድ ሰው አባትና እናቱን መጦር ማለት ከደብረ ታቦር አንሥቶ አዲስ አበባ ፎቅ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ይመስለዋል። ምግቡ ይቀርባል፤ ጋቢው ይደረባል፤ «እንግዲህ ደክመዋልና አርፈው ይቀመጡ» ይባላል። አንባቢ ሆይ፣ የሚረብሽ ሕፃን ስንገሥጽም የምንናገረው ይህንኑ ቃል መሆኑን ልብ በል።

ሽማግሌው ከጉና ሥር ሲነሡ ትተውት የመጡት ነገር ስንት ነው! የተጣላ ያስታርቁ ነበር፤ ለድንበር ክርክር ይጠሩ ነበር፤ ማኅበርና ሰንበቴ ይውሉ፣ ለቅሶ ይደርሱ ነበር። ገብስ ሲዘራ ምክራቸው ይጠየቅ ነበር። ከዘራ ይዘው ዳገት መውጣታቸውም ለጉልበታቸው መድኃኒት ነበር። በፎቁ ላይ ግን የጎረቤታቸውን ስም እንኳ አያውቁም።

ይህ የባላገር ወግ ነው የሚል ቢኖር፣ የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2017 ዓ.ም. ያወጣውን ይስማ፤ ብቸኝነት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ871,000 ያህል ሰዎች ሞት ጋር የተያያዘ ነው ብሏል።

በሽታ ወይም ጦርነት አስገድዶት ወላጆቹን ያመጣውን ልጅ አልወቅስም። የምወቅሰው ሳይጠይቅ የሚያመጣውን፣ አምጥቶም የሚረሳውን ነው። ወንድሜ ሆይ፣ መምጣት ይፈልጉ እንደ ሆነ አስቀድመህ ጠይቃቸው። ከመጡም እድር አስገባቸው፤ ከጎረቤት አስተዋውቃቸው፤ የልጅ ልጆቻቸውን ተረት ያጫውቱልህ፤ ነገር ሲቸግርህም አማክራቸው። ገንዘብ መስጠት ቀላል ነው፤ ጆሮ መስጠት ግን ጊዜ ይጠይቃል። የሚጠይቀው የሌለ ሽማግሌ ሳይሞት የተቀበረ ነው።