የቡና ችግኝ የሚቆጠረው በበጋ ማብቂያ ይሁን

በጅማ፣ በአጋሮ፣ በሊሙና በጌራ አካባቢ በክረምት የተተከለ የቡና ችግኝ ተቆጥሮ በሪፖርት ይተላለፋል። በየካቲት ተመልሶ የሚቆጥረው ግን ጥቂት ነው። በእኛ አስተያየት የልማት ሠራተኛውም ሆነ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ድካም መለካት ያለበት በሐምሌ በተተከለው ሳይሆን በጋውን አልፎ በቆመው ችግኝ ነው።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። አረቢካ ቡና በደን ጥላ ሥር የኖረ ተክል ነው። ይበልጥ የሚስማማው ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አማካይ ሙቀት ነው። አፈሩ ሲደርቅ ተክሉ ውሃ እንዳያባክን በቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይዘጋል። ውሃው ይቆጠባል፤ ነገር ግን አየርም ስለማይገባ ምግብ ማዘጋጀቱ ይቀንሳል። ድርቁ ሲበረታ ቅጠሉ ጠውልጎ ይረግፋል። ፍሬ የበዛበት ዛፍ ደግሞ ያለውን ምግብ ለፍሬው ስለሚሰጥ ቅርንጫፉ ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል። በዚህም የዘንድሮው ብቻ ሳይሆን የከርሞውም ምርት ይጎዳል።

መጠነኛ በጋ በራሱ ጠላት አይደለም፤ እምቡጡ አርፎ ቆይቶ በመጀመሪያው ዝናብ በአንድነት እንዲያብብ ይረዳል። ጉዳቱ የሚከፋው ካበበ በኋላ ዝናቡ ሲቋረጥና ፍሬው በሚፋፋበት ጊዜ ውሃ ሲያጣ ነው።

ገበሬው «ድርቅ የሚችል ዘር ስጡን» ቢል ተገቢ ጥያቄ ነው። ሆኖም እንደ 74110 እና 74112 ያሉት የጅማ ምርጥ ዝርያዎች የተመረጡት በ1971 እ.ኤ.አ. በአገራችን የታየውን የቡና ፍሬ በሽታ እንዲቋቋሙ ነው። በሽታን መቋቋም ድርቅን መቋቋም ማለት አይደለም። ይህን ሳይነግር ችግኝ አድሎ የሚሄድ ባለሙያ ግማሽ ሥራ ብቻ ሠርቷል።

ብርሃን በበዛ ቁጥር ፍሬ ይበዛል በማለት የጥላ ዛፍ እንዲቆረጥ የሚመክሩ አሉ። ከመጠን ያለፈ ጥላ ምርት እንደሚቀንስ እውነት ነው። ነገር ግን ማዳበሪያና መስኖ በሌለበት ማሳ ጥላ ያጣ ቡና ከአቅሙ በላይ አፍርቶ ይደርቃል። ስለዚህ የዋንዛው፣ የሳሳውና የብርብራው ቅርንጫፍ ይሳሳ እንጂ ዛፉ አይመንጠር።

ነገሩ የሚዘገይ አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት፣ አስፈላጊው እርምጃ ካልተወሰደ፣ በኢትዮጵያ ለቡና ከሚውለው መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶ የሚሆነው በዚህ ምዕተ ዓመት መጨረሻ ተስማሚነቱን ሊያጣ እንደሚችል ገምቷል።

ስለዚህ ማኅበራት የሚከተለውን ቢፈጽሙ እንመክራለን፦

1. ችግኙ ከመተከሉ በፊት ውሃውና ጥላው ቀስ በቀስ ይቀነስለት፤ ፀሐይ ይልመድ። ዋና ሥሩ የተጣመመ አይተከል።

2. ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ አፈሩ እርጥበት ሳያጣ፣ ማሳው ታርሞ ጉዝጓዝ ይደረግ። ጉዝጓዙ ከግንዱ ጥቂት ይራቅ።

3. ለአዲስ ችግኝ የጊዜው ጥላ ይሠራለት።

4. በየካቲት በሕይወት ያለው ችግኝ ተቆጥሮ ከሐምሌው ቁጥር ጎን ይጻፍ።

መቶ ተክሎ ሠላሳ ከማትረፍ ሃምሳ ተክሎ ሁሉንም ማዳን ይበልጣል።