ጊታሩን ማን ይቀንሰው?

አዲስ አበባ ውስጥ ቤታቸው ቁጭ ብለው ሮክ የሚቀዱ ልጆች ጥቂት ናቸው፤ የሰበቡ ብዛት ግን ለብቻው አልበም ይወጣዋል። ዘፈኑ ለምን ጥርት አላለም? ማይኩ ርካሽ ነው፣ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መብራት ሄደ፣ ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ። ሁሉም እውነት ነው። እኛ ግን ማንም ደፍሮ የማይናገረው ሌላ ምክንያት አለ እንላለን። ጊታሩ በዝቷል። የሚቀንሰውም ሰው የለም።

ለምን የለም? በቤት ስቱዲዮ ውስጥ ኮምፒዩተሩ ብዙ ጊዜ የጊታሪስቱ ነዋ! የቀዳው እሱ፣ የሚያስተካክለው እሱ፣ «አሁን አሪፍ ሆኗል» ብሎ የሚፈርደውም እሱ። ተከሳሹም ዳኛውም አንድ ሰው ሲሆን ፍርዱ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ድምፃዊው ደግሞ ሁለት ቀን መጥቶ ቀድቶ የሄደ እንግዳ ነው። በሰው ቤት፣ በሰው ኮምፒዩተር፣ «ወንድሜ፣ እኔ እኮ አልሰማም» ለማለት ይሉኝታ ይይዘዋል። ለድመት አንገት ቃጭል ማን ይሰር?

ነገሩ እዚህ አገር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የእኛ አድማጭ ዘፈን ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን አለ?» ብሎ ነው። ሰምና ወርቅ ሲፈታ ያደገ ጆሮ ነው። የተነባቢ ፊደላት ጥራት በአብዛኛው የሚሰማው ከ2,000 እስከ 4,000 ኸርዝ አካባቢ ነው። የዲስቶርሽን ጊታር ጥርሱን የሚያወጣውም እዚያው ሰፈር ነው። ሁለቱ ሲጣሉ የሚሸነፈው ድምፃዊው ነው፤ እሱ ይተነፍሳል፣ ያርፋል፣ ጊታሩ ግን ያለ እረፍት ይጮኻል። «መጣ» ያለው «መታ» ሆኖ ይሰማል። የፍቅር ዘፈን ነበር፣ የቡጢ ዘፈን ሆነ!

መድኃኒቱ ውድ ዕቃ አይደለም። ሲቀዳ የዲስቶርሽኑን መጠን ቀነስ ማድረግ ነው፤ ሁለት ሦስት ጊታር ሲደራረብ ሸካራነቱ ራሱ ይጨምራል። ጊታሩን አንዴ ቀድቶ ኮፒ ማድረግ ድምፁን ያሳድጋል እንጂ አያሰፋውም። ሁለት ጊዜ ተጫውቶ አንዱን ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ ማድረግ ነው የሚያሰፋው፤ መሀሉም ለድምፃዊው ይለቀቃል። የጊታር ወፍራም ክር ክፍቱን ሲመታ 82 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ጉምጉምታ በኢኮላይዘር ቢቆረጥ ለባስና ለከበሮ ቦታ ይሰጣል። ግድግዳ ላይ ጋቢ መስቀልም የሚያለዝበው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ ወፍራሙ ከነጓዙ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የባሱን ልክ በሌላ ስፒከርም፣ በሄድፎንም ማመሳከር የግድ ነው።

«ጊታሩ ከተቀነሰ ሮክ መሆኑ የት ቀረ?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሮክ ያለ ጊታር ሽሮ ያለ በርበሬ ነው። ግን ክብደት ከጩኸት ብቻ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ2008 ሜታሊካ «ዴዝ ማግኔቲክ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ ድምፁ ከልክ በላይ ተጨምቆ ስለነበር የገዛ አድናቂዎቹ አመፁ። ለጊታር ሂሮ ጌም የተሰጠው ቅጂ ይሻላል ብለው እንደገና ሚክስ ይደረግልን የሚል ፊርማ በሺዎች አሰባሰቡ። ሜታሊካን የሚሰማ ሰው ጩኸት ይፈራል አይባልም! የፈለጉት ከበሮው ሲመታ እንዲመታቸው ነው። ሁሉም ነገር ሁልጊዜ ከጮኸ የሚመታ ነገር አይኖርም።

ዛሬ ደግሞ ጩኸቱ ትርፍም የለውም። ስፖቲፋይና ዩቲዩብ ከመጠን በላይ የጮኸውን ዘፈን ራሳቸው ዝቅ አድርገው ነው የሚያጫውቱት። ጩኸቱ ይቀነሳል፣ መጨማደዱ ግን ይቀራል።

እኛ የምንለው ቀላል ነው። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር፤ ከባንዱ ውጭ የሆነ ጆሮ፣ ራሱም ባስ ተጫዋች። ላስዌልን ማስመጣት የሚችል የቤት ስቱዲዮ የለም። ጊታር የማይጫወት ጓደኛ ግን ሰፈሩ ሁሉ ሞልቷል። እሱን ጥሩት፣ ቡና አፍሉለት፣ ግጥሙን ሳታሳዩት ዘፈኑን ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ በስልክ አሰሙት። ከዚያ «ምን ይላል?» በሉት። ካልመለሰ ሚክሱ አላለቀም። ዝቅ አድርጉ ያልነውም በምክንያት ነው፤ ድምፅ ሲጮኽ ለጆሮ ሁሉም አሪፍ ነው፣ መጥፎ ሚክስም ጭምር።

የመጨረሻው ቀን ላይ ደግሞ ማውሱን ለድምፃዊው ስጡት። አንድ ሁለት ዴሲቤል ቢቀንስባችሁ ባንዱ አይፈርስም። ባንድ ማለት መደማመጥ ነው፤ አራት ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ መደማመጥ ካቃተው ሕዝቡ እንዲሰማው በምን አፉ ይጠይቃል?

ጊታሪስቶቻችን አትቀየሙን። እንወዳችኋለን፣ ግን ቀንሱ!