ጂናችንን ማን ያንብብልን?

ዛሬ ስለ ጨጓራም ስለ ታይፎይድም አይደለም፤ ትንሽ ወጣ ያለ ነገር ነው፣ ታገሱኝ።

ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕ ወይም የህመም ማስታገሻ የወሰዳችሁ ትኖራላችሁ። ኮዴይን በራሱ ብዙም አይሠራም። ጉበታችን ውስጥ ያለው ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲቀይረው ነው የሚያስታግሰን። በ1996 እ.ኤ.አ. ዶ/ር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት ከ122 ኢትዮጵያውያን 29 በመቶዎቹ የዚህ ኢንዛይም ጂን ከተለመደው በላይ ተደጋግሞ ተገኝቶባቸዋል። ስዊድን ውስጥ ከመቶ ሰው አንድ ሁለት ቢገኝ ነው! እንዲህ ያለ ሰው በተለመደው ዶዝ ብዙ ሞርፊን በፍጥነት ሊያመርት ይችላል። ልጅ ከሆነ ደግሞ ትንፋሽ እስከማሳጣት ይደርሳል።

ከሻሸመኔ በሶዶ መንገድ ወላይታ ስትደርሱ ሌላ ምሳሌ አለ። በባዶ እግር ቀይ አፈር መርገጥ የሚያመጣው የእግር እብጠት፣ ፖዶኮኒዮሲስ። አንዳንድ ቤተሰብ «እርግማን አለበት» ተብሎ ጋብቻ ይነፈገዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. ዶ/ር ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው ለበሽታው መጋለጥ ከመከላከያ ጂኖች ጋር እንደሚያያዝ እዚያው ወላይታ ላይ አሳዩ። እርግማን የለም፤ ጂንና አፈር ነው፣ ጫማ ደግሞ ይከላከለዋል።

ታዲያ ይሄን መሰል ሥራ ለምን አልበዛም? ብዙ ጊዜ ደሙ ከእኛ ይቀዳል፣ የኮምፒውተር ስሌቱ ውጭ ይሠራል። ዓለም በሚጠቀምበት የ1000 ጂኖም ፕሮጀክት ውስጥ ኬንያና ናይጄሪያ አሉ፣ እኛ የለንም። ማሽን እንኳ አሁን አዲስ አበባ አለ፤ አርማወር ሀንሰንም የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም የኮሮና ቫይረስን ጂን አንብበዋል። በእኔ እምነት የጎደለው የሰዎቹ መገናኘት ነው። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮድ የሚጽፈው ልጅ የፖዶኮኒዮሲስ በሽተኛ አይቶ አያውቅም። እኔ በሽተኛውን አያለሁ፣ ኮዱን አልችልም። ሐዋሳ ያለው ባዮሎጂስት ሁለታችንንም አያውቀንም። ሦስታችንም በአንድ ሚኒባስ መንገድ ላይ ነን እኮ!

ስለዚህ ትልቅ ማዕከል እስኪሠራ አንጠብቅ ባይ ነኝ። ሶፍትዌሩ አብዛኛው ነፃ ነው፣ ለመለማመጃ የሚሆን ዳታም በነፃ ይወርዳል። በወር አንድ ቅዳሜ፣ መብራት በማይጠፋበት አንድ ክፍል (ይሄኛው ይከብድ ይሆናል 😅) ተቀምጠን ያቺን አንዷን ጂን ብቻ አብረን ብናነብስ?

እስከዚያው፣ ኮዴይን ያለበትን ሽሮፕ ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ አትስጡ። የምታጠቡ እናቶችም ሐኪም ሳታማክሩ አትውሰዱ።